ዘበኛው ሲሰናበት የጎተራውን ቁልፍ ይዞ ሄደ

ሰሞኑን ከዚህ ከፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። «ያንን ጸረ ቫይረስ ከኮምፒዩተሬ ነቅዬ ጣልኩት፤ ኮምፒዩተሩም እንደ ፈረስ ይጋልብልኝ ጀመር፤ ግን አንድ ነገር አላምር አለኝ» ይላሉ። ምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በየሌሊቱ በራሱ ጊዜ ይሠራ የነበረው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሁላችንም ባክአፕ የምንለው፣ ቆሟል። አንዳንዱ ይህን በሳምንቱ ያያል፤ አንዳንዱ በዓመቱ። የሚበዛው ግን የሚያየው ፋይሉ የጠፋ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ማየት ምን ይፈይዳል?

እኔ ኮምፒዩተር ሻጭ አይደለሁም፤ ከማንም ኩባንያም ቁራሽ አልቆርስም። ከ52ኛው ጎዳና በስተምሥራቅ ባለው በዚህ ሰፈር በየሐበሻው ሳሎን እየተጠራሁ፣ ቡናዬን ጠጥቼ የምነካካ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ከየሳሎኑ የቃረምኩትን ነው።

በሰፈሩ የእድር ጸሐፊ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። የእድሩን መዝገብ በኮምፒዩተር የያዙት እርሳቸው ናቸው። የአባላቱ ስም፣ የየወሩ መዋጮ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ የወጣው ወጪ፣ ማን ከማን ላይ ምን ያህል እንደቀረበት ጭምር አለበት። ባለፈው ዓመት የጸረ ቫይረሱ የዓመት ክፍያ ሳይጠየቁ ከክሬዲት ካርዳቸው ላይ ተቆረጠ፤ መጀመሪያ ከገዙበት ዋጋ ጋር ቢያስተያዩት እጥፍ ሆኖ አገኙት። ተናደዱ፣ ደውለው አሰረዙ። የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሶፍትዌሩን አጠፋላቸው። እስከዚህ ድረስ ጥፋት የለም። ያልታወቃቸው ነገር ቢኖር፣ ያ ሶፍትዌር ቫይረስ ከመጠበቁ ጎን የመጠባበቂያውንም ሥራ ጠቅልሎ ይዞት እንደነበር ነው። ልጁ በኋላ ነገሩ ገብቶት የዊንዶውስን የራሱን መጠባበቂያ ሊያበራ ሞክሮ ነበር። ስሕተት አለ እያለ መለሰው። ልጅ ነውና ተወው።

በሰባተኛው ወር ከአባላቱ አንዱ አረፉ። ጸሐፊዋ መዝገቡን ሊከፍቱ ቢሉ አልከፈት አለ፤ ዲስኩ ከውስጥ ጠቅ ጠቅ ይል ጀምሯል። ተጠርቼ ሄድኩ።

«አንተ ልጅ፣ ባክአፕ አለኝ እኮ! ያቺ ጥቁር ሳጥን ሁልጊዜ እንደተሰካች ናት» አሉኝ።

«እትዬ፣ ሳጥኗስ አለች። የመጨረሻው ቅጂ ግን የሰባት ወር ነው» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «የሰባት ወር ለቅሶ አለበት እኮ» አሉኝ።

ደረሰኝ ከየቦርሳው ተለቀመ፣ አባላቱ አንድ በአንድ ተጠየቁ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ዛሬም ድረስ «ከፍያለሁ»፣ «አልከፈሉም» የሚባባሉ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። በእድር መካከል ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እንግዲህ ወደ ምክንያቱ እንግባ። ጸረ ቫይረስ እንደ ሌላው ፕሮግራም ጥግ ይዞ የሚቀመጥ አይደለም። በዲስኩና በፕሮግራሞቹ መካከል በር ላይ ይቆማል፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ፋይል ይፈትሻል። ለዚህ ሲል በዊንዶውስ አንጀት ውስጥ ፊልተር ድራይቨር የሚባሉ ትናንሽ ተቆጣጣሪዎች ይተክላል። ሲያሰናብቱት ዋናው ዘበኛ ይሄዳል፤ ተቆጣጣሪዎቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ጌታቸው መሄዱን ሳይሰሙ በር ላይ እንደቆሙ ይቀራሉ።

ዊንዶውስ በበኩሉ የሲስተሙን ሙሉ ምስል ወይም ሪስቶር ፖይንት የሚባለውን ሲሠራ ቮልዩም ሻዶው ኮፒ በተባለ አገልግሎት ይጠቀማል። የጥላ ቅጂ ብንለው ያስኬዳል። እርስዎ ደብዳቤውን ከፍተው እየጻፉ ሳለ፣ የጥላ ቅጂው እንደ ፎቶ አንሺ የዚያችን ቅጽበት ምስል ይይዝና ለገልባጩ ያቀብላል፤ ስለዚህ ፋይሉ ክፍት ነው ተብሎ አይታለፍም። ከሌላ ኩባንያ የሚገዙ ብዙ የመጠባበቂያ ፕሮግራሞችም በዚሁ ይገለገላሉ። የቀረው ተቆጣጣሪ በመካከል ከተገተረ ወይም አገልግሎቱ ተዘግቶ ከቀረ ፎቶው አይነሳም። መጠባበቂያውም ይከሽፋል። ክፋቱ፣ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ድምፅ ሳያሰማ ነው።

ለመሆኑ ጸረ ቫይረስን ከመጠባበቂያ ጋር ምን አዛመደው? ቢዝነስ ነው የሚል አለ፤ እርግጥ ቢዝነስም አለበት። ሌላው ምክንያት ደግሞ ፋይል ቆልፎ ቤዛ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ እዚሁ ካልገሪ በ2016 ዓ.ም. የካልገሪ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተሮች በዚህ ዓይነት ተመትተው፣ ዩኒቨርሲቲው 20,000 የካናዳ ዶላር መክፈሉን በጁን ወር ራሱ ተናግሯል። የተማሩ ሰዎች የሞሉበት፣ ሙሉ የኮምፒዩተር ክፍል ያለው ተቋም ከከፈለ፣ በምድር ቤቱ አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ያለው እድርማ ምን ይሁን? በሜይ 2017 ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ ደግሞ ፋይሎቹን መቆለፍ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ ያነሳሁትን የጥላ ቅጂም ይደመስስ ነበር፤ ባለቤቱ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳያነሳ። ስለዚህ የጥላ ቅጂውን በር የሚጠብቁ፣ የመጠባበቂያውንም ሥራ ራሳቸው የሚይዙ የጸረ ቫይረስ ኩባንያዎች አሉ። ቁልፉ በዘበኛው ኪስ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

በእኛ ስደተኞች ላይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ተጨምሯል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ በማርች 2013 ባወጣው ጥናት ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር የግንቦት 7 ሰዎችን ፎቶግራፍ ማጥመጃ አድርጎ እንደተላከ አጋለጠ። በፌብሩዋሪ 2014 ደግሞ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ በኩል ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር እንደተሞከረባቸው ጻፈ። በዲሴምበር 2017 የሳይበርቢት ተራ ሆነ፤ በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን፣ ይልቁንም የኦሮሞ ተሟጋቾች፣ የፍላሽ ማሻሻያ መስሎ የቀረበ ወጥመድ ተላከላቸው። በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያ አሜሪካዊ ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም መንግሥትን ከስሶ ነበር፤ የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ክሱን ዘጋው። ይህን ሁሉ የማነሳው በየሳሎኑ የማየውን ለመግለጽ ነው። አንድ ዘበኛ አልበቃ ብሎ ሁለትና ሦስት ጸረ ቫይረስ ደርበው የሚጭኑ አሉ። ሁለቱ ዘበኞች እርስ በርሳቸው ሲጠላለፉ ኮምፒዩተሩ ይንቀራፈፋል። ያን ጊዜ በብስጭት ሁለቱንም ይነቅሏቸዋል።

አንዳንዴም ዘበኛው ሳንሰማ ይለወጣል። የአሜሪካ መንግሥት በጁን 2024 የሩሲያው ካስፐርስኪ በአገሩ እንዳይሸጥ ከለከለ። በሴፕቴምበር ላይ አሜሪካ ያሉ ብዙ ደንበኞች ጧት ሲነሱ ካስፐርስኪ ጠፍቶ አልትራ ኤቪ የተባለ፣ ሰምተውት የማያውቁት ሶፍትዌር ተተክቶ አገኙት። ካናዳ ለሕዝቡ አልከለከለችም፤ በኦክቶበር 2023 ያገደችው ከመንግሥት የእጅ ስልኮች ላይ ነው። ድንበር ማዶ ዘመድ ያላችሁ ግን ጠይቁልኝ፤ ያ ዘበኛ ሲለወጥ መጠባበቂያውስ ወዴት ሄደ?

አሁን ወደ ጥገናው። የምናገረው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው። ለዊንዶውስ 10 የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃ ግን አይዘንጋ።

ምንም ከመነካካትዎ በፊት የማይተካውን ፋይል በእጅዎ ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀቱ፣ የእናትዎ ድምፅ። ጥገና ያለ ቅጂ መጀመር ጣሪያ አፍርሶ ዝናብ እንደመጠበቅ ነው።

ጸረ ቫይረሱን ገና ያላሰናበቱት ከሆነ እጅግ ጥሩ። ፋይሎችዎን በራሱ መጋዘን፣ በክላውድ ማለቴ ነው፣ አስቀምጦ እንደሆነ ይዩና መጀመሪያ ወደ ቤትዎ ያውርዷቸው። አንዳንዱ ሶፍትዌር ቅጂውን በራሱ ቋንቋ ስለሚያስቀምጠው፣ እርሱ ከሄደ በኋላ ሳጥኑ እያለ የሚከፍተው ይጠፋል። ክፍያው ከተቋረጠ ደግሞ ኩባንያው ዕቃዎን ለዘለዓለም አያስቀምጥልዎትም። አስቀድመው ሰርዘው ከሆነም ዛሬውኑ ይደውሉ፤ ነገ አይበሉ።

ቀጥሎ ርዝራዡን ማጽዳት ነው። ከሴቲንግስ ውስጥ አፕስ ገብቶ አንኢንስቶል ማለት ብዙ ጊዜ አይበቃም። አብዛኞቹ የጸረ ቫይረስ ሠሪዎች የራሳቸውን ርዝራዥ የሚጠርግ ትንሽ መሣሪያ በነፃ ያድላሉ። መውሰድ ያለብዎት ከራሱ ከሠሪው ገጽ ብቻ ነው፤ በየማስታወቂያው «ኮምፒዩተርዎን እናጽዳ» የሚለው ሌባ ነው። መሣሪያው ሥራውን ሲጨርስ ሪስታርት ይበሉ። ሻትዳውን አላልኩም! ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሳት ሲል ሻትዳውን ሲባል ግማሽ አእምሮውን አስቀምጦ ነው የሚተኛው። ሙሉ በሙሉ አዲስ የሚነሳው ሪስታርት ሲባል ነው።

ሲነሳ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ይክፈቱ። የሌላው ጸረ ቫይረስ ርዝራዥ ከተጠረገ የማይክሮሶፍት የራሱ ዘበኛ ዲፌንደር በራሱ ተነስቶ ቦታውን ይይዛል። ካልተነሳ ርዝራዥ አለ ማለት ነውና ወደ ኋላ ይመለሱ። ከዚሁ ገጽ ላይ ፋይል ቆላፊውን ለመከላከል ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚባል አለ፤ ከበራ የማያውቀውን ፕሮግራም ወደ ፎልደሮችዎ እንዳይጽፍ ያግዳል። ከውጭ የገዙት የመጠባበቂያ ፕሮግራም ካለና ያለ ምክንያት ከታገደ፣ እዚያ ገብተው ስሙን ያስፈቅዱለት።

አሁን ልብ ያለበት ቦታ ደረስን። በፍለጋው ሳጥን ሰርቪስስ ብለው ይጻፉና የሚመጣውን ይክፈቱ። ረጅም ዝርዝር ነው፤ አይደንግጡ። ከውስጡ የሚፈለጉት አራት ናቸው። ታስክ ስኬጁለር የተባለው ኦቶማቲክ ሆኖ እየሠራ መሆን አለበት። የቀጠሮ ጠባቂው እርሱ ነው፤ እርሱ ከሌለ ማንም በሰዓቱ አይነሳም። ቮልዩም ሻዶው ኮፒ፣ ዊንዶውስ ባክአፕ እና ፋይል ሂስትሪ ሰርቪስ ደግሞ ማኑዋል መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው ማኑዋል የሚለውን ሲያይ «በእጄ ላስነሳው ነው?» ይላል። አይደለም። ዊንዶውስ ሲፈልጋቸው ይቀሰቅሳቸዋል፣ ሲጨርሱ ይተኛሉ ማለት ነው። የሚያስፈራው ዲሴብልድ የሚለው ቃል ነው። የእድሩ ጸሐፊ ኮምፒዩተር ላይ ያገኘሁት ይህንኑ ነበር። ቮልዩም ሻዶው ኮፒም፣ ፋይል ሂስትሪም ዲሴብልድ ተብለው ተዘግተዋል። ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርጎ ወደ ማኑዋል መመለስ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሰባት ወር የበላው ይህ ግማሽ ደቂቃ ነው።

ይህም ሆኖ እንቢ ካለ፣ የዊንዶውስ ፋይሎች ራሳቸው ተጎድተው ይሆናል። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ሥልጣን ይክፈቱና ኤስ፣ ኤፍ፣ ሲ የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ጭረት፣ በመጨረሻም ስካንናው የሚለውን ቃል ሳይነጣጥሉ ይጻፉ። እርሱ እየፈተሸ ሳለ ቡና ቢያፈሉ ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ መጠባበቂያውን ማብራት ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፋይል ሂስትሪ የሚለውን ይክፈቱ፣ የውጭ ዲስኩን ይምረጡ፣ ያብሩት፤ ራን ናው የሚለውንም ይጫኑ። ሌላ ካላዘዙት በየሰዓቱ ይገለብጣል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ ያ የድሮው ሶፍትዌር ዲስኩን በራሱ ቅጂ ሞልቶት ሊሆን ይችላልና ቦታ መኖሩን ይዩ። ሁለተኛ፣ ፋይል ሂስትሪ በራሱ የሚያነሳው ዴስክቶፕ፣ ዶኩመንትስ፣ ፒክቸርስና እነሱን የመሳሰሉትን ነው። መዝገብዎን «ለደኅንነት» ብለው ዲስኩ ሥር በደበቁት ፎልደር ውስጥ ካስቀመጡት ሳያየው ያልፋል። ወደ ዶኩመንትስ ያዛውሩት።

«እኔ ዋንድራይቭ አለኝ፣ ምን አስቸገረኝ?» የሚሉ አሉ። ዋንድራይቭ በነፃ 5 ጊጋባይት ይሰጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን እርሱ መስተዋት ነው። እዚህ ያጠፉት እዚያም ይጠፋል፤ በግል አካውንት ከቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ይደመሰሳል። ሪስቶር ፖይንት የሚባለውም ቢሆን ዊንዶውስን እንጂ የእርስዎን ደብዳቤ አይመልስም። ዲስክ ይግዙ። ዋጋው ለአንድ ሰርግ ከሚሰጥ ስጦታ አይበልጥም።

የውጭ ዲስኩን ደግሞ ሁልጊዜ ሰክተው አይተዉት፤ ቆላፊው ሲመጣ የተሰካውን ሁሉ አብሮ ይቆልፋል። እድራችን አሁን ሁለት ዲስክ አለው። አንዱ ጸሐፊዋ ዘንድ፣ ሌላው ከሊቀመንበሩ ቤት ይቀመጣል፤ በየወሩ ከስብሰባው በኋላ ይለዋወጧቸዋል። ከመለዋወጣቸው በፊት ከአባላቱ አንዱ ተነስቶ ያሻውን ስም ይጠራል፤ የዚያ ሰው መዋጮ ከዲስኩ ላይ ተከፍቶ ይነበባል። አንዳንዱ ሥነ ሥርዓቱን ይስቅበታል። ይሳቅ። አረንጓዴ ምልክት አይቶ «ተገልብጧል» ማለት አንድ ነገር ነው፤ ፋይሉን አውጥቶ ማንበብ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ነገር ላክል፤ ይህ የእኛ ብቻ ችግር ስለሆነ ከፈረንጅ መጽሐፍ አያገኙትም። በ1990ዎቹ አማርኛ የጻፍንባቸው ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና የመሳሰሉት የድሮ ፕሮግራሞች ፊደላችንን በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ እየተኩ ነበር የሚሠሩት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላን ይዞ የመጣውም በ2007። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጻፈው ደብዳቤ ፎንቱ ከሌለ የተሰበረ ጠርሙስ የመሰለ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ፋይል ሂስትሪ ደግሞ ደብዳቤውን እንጂ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የፎንት ፎልደር አይገለብጥም። ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት የድርጅታቸውን የሃያ ዓመት ቃለ ጉባኤ በሙሉ ይዘው መጡ፤ ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድል አሉ፣ የሚነበብ አንድ ቃል ግን የለም። ፎንቱ የተገኘው ኤድመንተን ካለ ወዳጃቸው አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነው። እንዲህ ያለ የድሮ ጽሑፍ ያላችሁ፣ ፎንቶቹን ከፋይሎቹ ጋር በአንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ከቻላችሁም ኮምፒዩተሩ ገና በነፍስ ሳለ ዋና ዋናውን በወረቀት አትሙት፤ ወይም ፎንቱን አብሮ በሚይዘው በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ወደ ዩኒኮድ መለወጡ የራሱ ጣጣ አለው፤ በሌላ ሳምንት እመለስበታለሁ።